ምኩራቡን የሚለስኑት ሴቶች

እናንተዬ፣ ይቺን ሳልነግራችሁ ባድር ሆዴ አይችልም። ስለ ሰፈራችን ሸክላ ሠሪ፣ ስለ ሰገነት ነው። ፊቷ አንድ ሙሉ ኮሚቴና አንድ ሙሉ መሥሪያ ቤት ቆሞ እንዴት አድርጋ እንዳለፈችው። አረፍ በሉና ስሙኝ።

ሰገነትን የካ ላይ የማያውቃት የለም። ከየካ ሚካኤል ወደ ላይ፣ ታክሲው «መጨረሻ ነው፣ ውረዱ» ከሚልበት ሩብ ሰዓት በእግር ሽቅብ፣ ባሕር ዛፉ እሚጀምርበት ላይ ነው ቤቷ። አርባ ሰባት ዓመቷ ነው። ጭቃ ሲያሽ የኖረ ክንድ አላት፣ ሰላም ስትላችሁ ጣታችሁን ትፈልጉታላችሁ። ሐሙስ ሐሙስ ድስቷንና ማሰሮዋን ይዛ ሾላ ገበያ ትወርዳለች። ቅዳሜ ግን በወርቅ ቢመዝኗትም አትወርድም። አዲስ ደንበኛ ቅዳሜ መጥቶ ቢጠይቅ፣ ጎኗ ያለችው በርበሬ ሻጭ «ሰንበቷ ነው፣ ሐሙስ ና» ብላ ትመልሰዋለች። ሰገነት ቤተ እስራኤል ናታ። ወንዶቻቸው ሸማኔ፣ ሴቶቻቸው ሸክላ ሠሪ፣ ሃያ ሦስት ቤት ሰው ሆነው እዚያ ዳገት ላይ ይኖራሉ። ከመቼ ጀምሮ ብትሉ ቆጥሮ የሚነግራችሁ አታገኙም።

የሚጸልዩበት ምኩራብ ከሰፈራቸው በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ዳር ነው። ምኩራብ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ክብ የጭቃ ቤት ነው፤ ጣራው ቆርቆሮ፣ አንድ በር፣ አንድ መስኮት። ድሮ ወንዶቹ ውስጥ ይቆማሉ፣ ሴቶቹ ደጅ መስኮቱ ሥር ተጠጋግተው ይሰማሉ። ሌላም ሥርዓት ነበራቸው። ክረምት ሲወጣ፣ በጥቅምት፣ ግድግዳውን የሚለስኑት ሴቶቹ ናቸው። ወንድ እጁን አያስገባም፣ አያውቅበትማ። የሰገነት እናት እማማ ወርቅአየሁ ስልሳ ዓመት ለስነውታል። ዘንድሮ ሰማንያ አንድ ሞላቸው፣ ጆሯቸውም እየደከመ ነው። ግን ጆሯቸውን መስኮቱ ደፍ ላይ ለጥፈው ቄሱ ሲያነቡ አንዲት ቃል አታመልጣቸውም ነበር።

ታዲያ ካቻምና አጥሩ መጣ። ወደ እንጦጦ ለእግር ጉዞ የሚወጣው ሰው በዛ፣ ሴልፊ የሚነሳው በዛ፣ አንድ መሥሪያ ቤት፣ የትኛው እንደሆነ ተዉት፣ «ይሄማ ቅርስ ነው» ብሎ ቤቱን መዘገበው። መመዝገቡስ ባልከፋ። ሠላሳ እርምጃ ርቆ ሽቦ አጥር ተዘረጋ፣ «መንካት ክልክል ነው» የሚል አረንጓዴ ታፔላ ተተከለ፣ በሩ ተቆለፈ። ቁልፉ ለጥበቃው ለበዳዳ ተሰጠ። መሥሪያ ቤቱ «የተጠቃሚዎችን ሊስት አምጡ፣ ስሙ ያለ ይገባል» ሲል፣ የምኩራቡ ኮሚቴ ሊቀመንበር ጋሽ ሕሩይ ቁጭ ብለው ሃያ ሦስት አባወራ ጻፉ። አባወራ! በቃ፣ አንዲት ሴት የለችበትም። በክፋት አልነበረም፣ እድርም ቀበሌም ሲጻፍ ያዩት እንደዚያ ስለሆነ ነው። ግን ወረቀቱ ማህተም ሲያርፍበት ሕግ ሆነ። ሴቶቹ ከመስኮቱ ሥር ተነቅለው አጥሩ ማዶ፣ አስፋልት ዳር ቀሩ።

አምና ሰግድ ደረሰ። ሰግድ የሚባለው የእነሱ ትልቁ በዓል ነው፣ በኅዳር፤ እየጾሙ፣ ነጭ ለብሰው፣ ድንጋይ ራሳቸው ላይ ተሸክመው ተራራ የሚወጡበት፣ መጽሐፉ የሚነበብበት። ወንዶቹ ገቡ። ሴቶቹ ሽቦውን ይዘው ቆሙ። ነፋሱ አለ፣ መኪናው አለ። እማማ ወርቅአየሁ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው በየደቂቃው ሰገነትን «ጀመሩ? ምን አሉ?» ይሏታል። ሰገነትም አልሰማችም፣ ምን ትበላቸው? ወንዶቹ እየዘመሩ ሲወጡ ነው አሮጊቷ ማለቁን ያወቁት። ማታ ጾሙ የሚፈታበትን ዳቦ ቆርሳ ስትሰጣቸው አልተቀበሏትም። «ሳልሰማ በምኔ ልፍታው?» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሰገነት ያቺን ሌሊት ለራሷ አንድ ነገር አለች። የሚቀጥለው ሰግድ እናቴ ውስጥ ተቀምጣ ትሰማለች። በሕይወት ካለች ትሰማለች።

በማግስቱ መሥሪያ ቤቱ ሄደች። የቅርስ ክፍሉ ኃላፊ ጋሮማ የሚባል ወጣት ልጅ ነው፣ ትሑት፣ ወንበር ስቦ የሚያስቀምጥ ዓይነት። «እናት፣ እኔ ከለከልኩ እንዴ? ሊስቱን የሰጠን የእናንተው ኮሚቴ ነው፣ እነሱ ይጻፉ እንጂ እኔ ምን ቸገረኝ» አላት። ወደ ጋሽ ሕሩይ ሄደች። ጋሽ ሕሩይ ደግሞ ሽመናቸውን ሳያቆሙ «የመንግሥት ደብዳቤ እኔ ልቀይር? በዚያ ላይ ሴት ገብታ አታውቅም» አሏት። ወደ ጋሮማ። ወደ ጋሽ ሕሩይ። ክረምቱ እስኪገባ ስድስት ጊዜ ተመላለሰች። በዳዳ ጥበቃው በመንገዷ ሲያያት አዘነ መሰለኝ፣ «አቦ ሰገነት፣ እኔ ራሴ ልክፈትልሽና ዓይኔን ልጨፍን?» ብሏት ነበር። አይሆንም አለችው። በስርቆት አልገባም፣ እናቴም ሌባ አይደለችም።

አሁን ነው ነገሩ የሚመጣው። «መንካት ክልክል ነው» ተብሎ የለ? ስለዚህ አምና ጥቅምት ሴቶቹ ግድግዳውን አልለሰኑም። ያለፈው ክረምት የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ እንዴት እንደነበር ታውቃላችሁ፣ የየካ ተራራ ላይማ ሰማዩ ተቀዶ ነበር። ግድግዳው ፊቱ ረገፈ፣ ማገሩ ታየ። መሥሪያ ቤቱ ደነገጠና በመስከረም ግንበኛ ልኮ በሲሚንቶ አስለሰነው። አዩልኝ፣ የጭቃ ቤት በሲሚንቶ! ጋሽ ሕሩይ «አሁን ገና ዘመናዊ ሆነ» ብለው አጨብጭበዋል። ሰገነት ግን በአጥሩ አሻግራ አየችውና «ጭቃ ይተነፍሳል፣ አፍነውታል» ብላ ለእናቷ ነገረቻቸው። ሦስት ሳምንት አልቆየም። ውስጡ ያለው እርጥበት መውጫ ሲያጣ ሲሚንቶው አበጠ፣ ከዚያ በር የሚያህል ልጣጭ ተገንጥሎ ወደቀ፣ ከሥሩ የነበረውን የድሮ ጭቃም ይዞት ሄደ። አንድ መሐንዲስ መጥቶ አየና ጻፈ። እስከ ኅዳር መጀመሪያ ካልተጠገነ ቤቱ አደገኛ ነው ተብሎ ይታሸጋል። ታሸገ ማለት ደግሞ ሰግድ የለም፣ ለማንም።

ይሄን ጊዜ ጋሽ ሕሩይ ለመጀመሪያ ጊዜ በእግራቸው የሰገነት ግቢ መጡ። ብቻቸውን አይደለም፣ የምኩራቡን ቄስ፣ ቄስ አዛናውን ይዘው ነው። ቄስ አዛናው ዝም የሚሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ዱካ ላይ ተቀመጡና ከዘራቸው ላይ አገጫቸውን አሳረፉ። ሰገነት ጭቃ እያሸች ነበር። ሌሎቹም ሴቶች አንድ ሁለት እያሉ መጥተው አጥሩን ሞሉት፤ ሰፈሩ ጆሮው ሰፊ ነው።

«ሴቶቹን ሰብስቢና ለስኑልን» አሏት ጋሽ ሕሩይ፣ እንደቆሙ።

«መንካት ክልክል ነው ተብሎ የለ እንዴ?»

«ጋሮማ ፈቅዷል።»

«ግድግዳውን ለመንካት ነዋ የፈቀደው» አለች፣ እጇን ከጭቃው ሳታወጣ። «እኛ የለሰንነው ቤት ውስጥ ቆመን እንስማ። ስማችን ደብዳቤው ላይ ይግባ፣ ማህተም ይረፍበት። እናቴ ከቄሱ አጠገብ ትቀመጥ። ከዚያ ዛሬውኑ እንጀምራለን።»

«በእግዚአብሔር ቤት ገበያ ልትነግጂ ነው?»

«ገበያ ሐሙስ ነው ጋሽ ሕሩይ። ዛሬ ማክሰኞ ነው።»

ሴቶቹ ሳቁ። ጋሽ ሕሩይ ፊታቸው ቀላ፣ ድምፃቸውም ከፍ አለ። ሴት ልጅ መርገም፣ የወር አበባዋን ማለታቸው ነው፣ አለባት፣ የትኛዋ ንጹሕ እንደሆነች በር ላይ ቆሞ ማን ሊመረምር ነው አሉ። ሰገነት ረጋ ብላ መለሰችላቸው። በቀናችን ርቀን መቀመጡን ማን አስተማረን፣ ማንስ ጠበቀን? እናቶቻችን ናቸው ያስተማሩን፣ የምንጠብቀውም ራሳችን ነን፣ አንድም ወንድ መርምሮን አያውቅም አለቻቸው። ይሄን ስትል እማማ ወርቅአየሁ ከጥጋቸው ቀና አሉ። ጋሽ ሕሩይ ስለጮኹ የተባለውን ሰምተዋል።

«አንተ ሕሩይ» አሉ፣ «እኔንስ ከየትኛው መርገም ነው የምትጠብቀኝ? እሱ ከተሰናበተኝ ሠላሳ ዓመት አለፈው።»

እናንተ፣ ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ቄስ አዛናው ሳይቀሩ ጋቢያቸው ውስጥ ገቡ። አሮጊቷ ግን አልሳቁም። ሳቁ እስኪያልፍ ጠብቀው ወደ ቄሱ ዞሩ።

«ቄስ አዛናው፣ በሰግድ ቀን ምንድነው የሚያነቡት?»

«ዕዝራ ሕጉን ያነበበበትን ነው እንጂ፣ እሜቴ።»

«እኔ ፊደል አላውቅም። በመስኮት ነው የሰማሁት፣ ስልሳ ዓመት።» ዓይናቸውን ጨፈኑና ቄሱ በግዕዝ አንብበው በአማርኛ እንደሚተረጉሙት፣ በራሳቸው በቄሱ ዜማ አወረዱት። «ዕዝራ ሕጉን በማኅበሩ ፊት አወጣው፤ በወንዶቹም በሴቶቹም ፊት፣ ሰምቶ ልብ በሚል ሁሉ ፊት።» ከዚያ ዓይናቸውን ገለጡ። «በሴቶቹም ነው የሚለው ወይስ ጆሮዬ ነው?»

ቄስ አዛናው ከዘራቸውን መሬቱ ላይ አዟዟሩት።

«አርባ ዓመት አነበብኩት» አሉ በመጨረሻ። «ለሌላው ሳነብ እኔ አልሰማሁትም። አባቶች ሴት አትግባ ያሉበትን ቦታም አላውቅ። ቤቱ ጠበበ ብለው ነው እናቶችን መስኮት ያስጠጉት፣ እንጂ ያራቀማ የለም።» ከዚያ ቀና ብለው አዩ። «ሕሩይ፣ ጻፍ።»

ጋሽ ሕሩይ ጻፉ። ምን ያድርጉ? እዚያው የሰገነትን የዕቃ ሳጥን ጠረጴዛ አድርገው፣ ሴቶቹ ስማቸውን እስከ አያታቸው እየጠሩላቸው፣ አንዷ ደግሞ «ስሜን በደንብ ጻፍ፣ ያልተበላሸ ጽሑፍ ነው የምፈልገው» እያለቻቸው ሠላሳ አንድ ሴት ጻፉ።

ይሄ ግማሹ ነው። ማህተሙስ? ጋሮማ ደብዳቤውን አይቶ ደስ ብሎት ነበር፣ ግን «የበላዬ መፈረም አለበት፣ እሱ ደግሞ ስብሰባ ላይ ነው» አለ። ስብሰባው መቼ ያልቃል? አይታወቅም። መሐንዲሱ ሊመለስ አሥራ ሦስት ቀን ቀርቶታል። የልስን ጭቃ ከጭድ ጋር ተረግጦ ሰባት ቀን መቡካት አለበት፣ ተለስኖም ለመድረቅ አራት ቀን ይፈልጋል። እናንተ አስሉት፣ የምትቀር ሁለት ቀን ናት። ጋሽ ሕሩይ ትንሽ ደስ ያላቸው ይመስላል፣ «እንግዲህ መጀመሪያ ለስኑ፣ ማህተሙ ኋላ ይደርሳል» አሉ። ሰገነት ኋላ የሚባለውን ነገር በደንብ ታውቀዋለች።

ምን አደረገች መሰላችሁ? የዚያኑ ቀን ጭቃውን አቦካችው። ግን እዚያ ላይ ሳይሆን በራሷ ግቢ። የሸክላ አፈር፣ የጤፍ ጭድ፣ ከዚያ ደግሞ የተሰነጠቁ ድስቶቿን ሰብራ፣ ገሉን ፈጭታ ጨመረችበት። ሸክላ ሠሪ ጥሬ ጭቃ ብቻውን አታምንም፣ አንዴ እሳት ያየ ገል ሲቀላቀልበት ነው የማይሰነጠቀው። ሴቶቹ እየተፈራረቁ ረገጡት። ሰባት ቀን ቦካ፣ ሽታውም ሰፈሩን አጥለቀለቀው። ማህተም ከሌለ ግን አንዲት ቁና ጭቃ ከግቢዬ አትወጣም አለች።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት አሥራ ሁለት ሴቶች ከነጭቃ ቀሚሳቸው፣ ጭቃውን ረግጠው እንደወጡ፣ እጃቸውን እንኳን ሳይታጠቡ ታክሲ ተሳፍረው መሥሪያ ቤቱ ገቡ። የታክሲው ረዳት ወንበሩ ላይ ጋዜጣ እያነጠፈ ነው ያስቀመጣቸው። መሥሪያ ቤቱ ግን ጋዜጣ አላዘጋጀም። ኮሪደሩ ላይ ባሉት ንጹሕ ወንበሮች ላይ፣ ሶፋውም ላይ፣ ተራ በተራ ቁጭ አሉ። አልጮኹም፣ አልተከራከሩም። ሰው ሲያልፍ ሰላም ይላሉ፣ እጃቸውን ይዘረጋሉ። የሠራተኛው ሸሚዝ ሁሉ ጭቃ በጭቃ ሆነ። የጋሮማ አለቃ ከስብሰባው ብቅ አለና «ምንድነው ይሄ?» አለ።

«ልስኑ ነው» አለችው ሰገነት። «ግድግዳው ጋር የሚደርሰው እርስዎ ሲፈርሙ ነው። እስከዚያ እኛው ላይ ይቆያል።»

ቆሞ አያት፣ ሶፋውን አየ፣ ከዚያ ጋሮማን ወረቀቱን አምጣ አለው። በሩ ላይ ተደግፎ ፈረመ። ጋሮማ ራሱ «አባወራ» የሚለውን በብዕር ሰርዞ «አባላት» ብሎ ጻፈበት፣ ማህተሙንም እንዴት አድርጎ እንደመታው! ጠረጴዛው ጮኸ። «እናት፣ ታፔላውንም ዛሬ እናነሳዋለን» አላት።

የዚያኑ ቀን በዳዳ አጥሩን ወለል አድርጎ ከፈተው፣ ጥበቃነቱን ትቶም ውኃ ይቀዳ ጀመር። የቀረውን ሲሚንቶ አራግፈው ጣሉ። ከዚያ ሠላሳ አንድ ሴት ክብ ቤቱን ዙሪያውን ከበው፣ እየዘፈኑ፣ እየተሰዳደቡ፣ መዳፋቸውን እያንሸራተቱ ከታች ወደ ላይ ለሰኑት። እማማ ወርቅአየሁ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው «እዚያ ጋ ሳስቷል፣ አንቺን ነው» እያሉ ያዛሉ። መሐንዲሱ በቀጠሮው መጥቶ በጣቱ አንኳኳ፣ በጥፍሩ ጫረ፣ ዞረው። ማን ሠራው አለ። በዳዳ በእጁ ወደ ሴቶቹ ጠቆመ። መሐንዲሱም ይህን ግድግዳ ከእነዚህ ሴቶች በቀር ማንም እንዳይነካው ብሎ በቀይ ጻፈ። አንድ ነገር ብቻ አሳሰበ፤ ቤቱ ከአርባ ሰው በላይ በአንዴ አይግባበት። ቄስ አዛናው ታዲያ ፈረዱ። ሃያ ወንድ፣ ሃያ ሴት፣ የቀረው በፈረቃ መስኮቱ ሥር።

ሰግድ ዋለ። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ከላይ ሆናችሁ አዲስ አበባ በሙሉ ከእግራችሁ ሥር። እማማ ወርቅአየሁ እንቁላል የምታህል ድንጋይ ራሳቸው ላይ ይዘው፣ በሰገነት ክንድ ተደግፈው ዳገቱን ወጡ። በፈረቃው ጋሽ ሕሩይ የመጀመሪያው ዙር ውጭ ደርሷቸዋል። ሰገነት በር ላይ ስታልፋቸው «ጠጋ ይበሉ ጋሽ ሕሩይ፣ ደፉ ላይ ጆሮዎን ካሳረፉ በደንብ ይሰማል፣ እኔ ሞክሬዋለሁ» አለቻቸው። አጉረመረሙ። ግን ተጠጉ።

ውስጡ ገና የአዲስ ጭቃ ይሸታል። አሮጊቷ ከቄሱ እግር ሥር፣ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ቄስ አዛናው መጽሐፉን ገለጡ፣ ጀመሩ። ሁለት መስመር እንዳነበቡ አንድ እጅ ቀሚሳቸውን ጎተተ።

«ጮክ ይበሉ፣ ቄስ አዛናው። ለሴቶቹም ነው የተባለው።»

ቄሱ ከመጀመሪያው ጀመሩላቸው፣ አሁን ቆርቆሮው እስኪንቀጠቀጥ። ሰገነት የእናቷን ከንፈር ታይ ነበር። ከቄሱ እኩል ይሄዳል፣ አንዳንድ ቦታም ይቀድማቸዋል። «በሴቶቹም ፊት» የሚለው ጋ ሲደርሱ ውስጥ ያሉት ሃያ ሴቶች እልልታውን ለቀቁት፣ መስኮቱ ሥር ያሉት ተቀበሏቸው፣ በዳዳ በሩ ላይ ቆሞ ያጨበጭብ ነበር። ሰገነት አለቀሰች። ጭቃ እሚያሽ እጅ እንባ መጥረግ አያውቅበትም፣ ተወችው ይውረድ።

ማታ ዳቦው ተቆረሰ። እማማ ወርቅአየሁ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉ፣ ሁለተኛም ጠየቁ። ሰገነት ጆሯቸው ሥር ተጠግታ «እንዴት ነበር እማዬ? ሰማሽ?» አለቻቸው።

«ሰማሁ» አሉ፣ እያኘኩ። «አዛናው ግን አርጅቷል። ከመካከሉ አንድ መስመር ዘሏል። ነገ ሄደሽ ንገሪው።»

ሰገነትም በማግስቱ ሄዳ ነገረቻቸው። ቄሱ መጽሐፉን አውጥተው አዩት። እውነትም ዘለዋል!

እና እናንተስ? በእናንተ ሰፈር፣ በእናንተ እምነት፣ ደጅ ቆማ ስትሰማ የኖረች እናት፣ አክስት፣ ጎረቤት የለችም? ገብታለች ወይስ ገና በር ላይ ናት? እንዴትስ ገባች?